ሰባት ቀዳዳ

«ሰባት ነው። እኔ ራሴ መስኮት ላይ ለጥፌ ቆጥሬዋለሁ። ሰባት ቀዳዳ!»

ንጋቷ የወንድሟን ድምፅ በችፕውዱ ግድግዳ በኩል የሰማችው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር ነበር። አዲሱ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ ስልክ ያወራል። ከወዲያ ያለው ሰው ውክልናውን የሚጽፍላቸው ጉዳይ አስፈጻሚ መሆኑን ለማወቅ ብዙ መስማት አላስፈለጋትም። «አዎ፣ ሙሉ ውክልና። የቴፒ መንገዱን የቡና ማሳም፣ ይሄን ቤትም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይዤው እመጣለሁ። መፈረምማ ይፈርማል፤ እጁ ምን ሆነ? ጭንቅላቱ ሳይብስበት እንጨርሰው ነው የምልህ» አለና ዘጋ። መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ አባቷ ጋሽ ሳህሉ እዚያው ሳሎን፣ ከአዲሱ ሁለት እርምጃ ርቀው ዱካ ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ ጎደሬ ሲልጡ አገኘቻቸው። ሁሉንም ሰምተዋል። ልጣጩን ሳይበጥሱ አወረዱት፣ ጎደሬውን ዳጣ አስነኩና ጎረሱ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ ቀስ ብለው አላመጡ። የአዲሱ ሚስት ቲጂ ሻይ ይዛ ገብታ «አባባ፣ ትኩስ ነው፣ እንዳያቃጥልዎት!» አለች በጩኸት። ጆሯቸው ደህና ነው፤ የጭንቅላታቸው ፊልም ከመጣ ወዲህ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ሲያናግራቸው ይጮኻል።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም ነው። ጋሽ ሳህሉ ከማሳው ሲመለሱ የተሳፈሩበት ባጃጅ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ በጎኑ ተኛ። ሌላው ቀርቶ ክንዳቸው እንኳ አልተላጠም፤ ብቻ ለጥቂት ቀናት ዞረባቸው፣ ሲነሡ ግድግዳ ይዘው ይቆማሉ። ሐኪሙ ለጥንቃቄ ብሎ ጅማ ሄደው ኤምአርአይ እንዲነሡ ጻፈላቸው። ማዞሩ ጅማ ሳይደርሱ ለቀቃቸው፤ ገንዘቡ አንዴ ከወጣ ብለው ግን ተነሡ። ውጤቱን የያዘው ሰፊ ፖስታ ሚዛን ከተማ ሲደርስ ሐኪም ዘንድ የመለሰው የለም። ማዞሩ ጠፍቷላ። አዲሱ ፊልሙን አውጥቶ የሳሎኑ መስኮት ላይ ለጠፈውና የአባቱን አንጎል እንደ ናሙና አየው። እሱ ቡና አቅራቢ ነው። ናሙና ትሪ ላይ ይበትናል፣ ነቀዝ የበሳውን ፍሬ በጣቱ እየለየ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ካለፈ የዚያ ሁሉ ኩንታል ደረጃ ይወርዳል። ይህን ያስተማሩት ራሳቸው ጋሽ ሳህሉ ናቸው። እናም ግራጫው መሐል ጥቋቁር ነጠብጣቦቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ሰባት። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት ፋርማሲ ያለ ጓደኛው ሲያነብለት «የቆዩ ትንንሽ ስትሮኮች ሊሆኑ ይችላሉ፣ አለዚያም ተፈጥሯዊ ክፍተቶች» ይላል። ከዚያ ሁሉ ቃል ቤት የደረሰው «ስትሮክ» የሚለው ብቻ ነው። ጋሽ ሳህሉ ልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው ፊልሙን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከነቀዝ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተበሳ ፍሬ የተበሳ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ትንንሽ ነገሮች ተቀየሩ። የመጋዘኑ ቁልፍ ከጋሽ ሳህሉ ኪስ ወጥቶ የአዲሱ ቀበቶ ላይ ተንጠለጠለ። ቲጂ ሥጋ ስትሠራ የሳቸውን ድርሻ ከትፋ ታቀርባለች። የድንበር ክርክር የሚዳኙት ሽማግሎች ሁለት ጊዜ ሲቀመጡ አልጠሯቸውም፤ አንዱ ንጋቷን በመንገድ አግኝቶ «ጋሼን እረፍት እንስጣቸው ብለን ነው» አላት። እሷም ብትሆን ከዚህ ነጻ አልነበረችም። ማታ ማታ በክፍሏ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም አባቷ ሳሎን ሲጸልዩ ታዳምጣለች፤ የአንድ ሰው ስም ዘለሉ እንዴ፣ ያንኑ ልመና ደገሙት እንዴ እያለች። አንድ ሌሊት ደገሙት። ከዚያ በፊትም ሁልጊዜ ይደግሙ እንደነበር ትዝ ያላት በነጋታው ነው። ዛሬ ጠዋት ግን «እጁ ምን ሆነ?» የሚለው አነጋገር አንድ ቦታ ወጋት። ሆስፒታሉ የራጅ ሥዕል የምታነብ ሐኪም እንዳገኘ አብራት የምታስተምር ልጅ ሰሞኑን ነግራታለች። አዲሱ ለመታጠብ ወደ ጓሮ ሲዞር ፖስታውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አንሥታ ከደብተሮቹ ጋር አቀፈችው። አባቷ አዩዋት። ሻያቸውን አነሡ።

ርዕሰ መምህሩ ፈቃዱን የሰጣት ሰዓቱን አይቶ፣ ተንፍሶ፣ «በቡና ለቀማ ወቅት ተማሪ የለ፣ አስተማሪ የለ» እያለ ነው። እስከ ሆስፒታሉ ባጃጁ ሠላሳ ብር ጠየቃት፤ ትናንት ሃያ ነበር። ለምን እንደጨመረ ብትጠይቀው «እኔም ቤንዚኑን የሸጠልኝን ሰው እንደዚሁ ጠይቄው ነበር» አላት። የራጅ ክፍሉ በር ላይ በግምት ሃያ ሰው ተደርድሯል። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል፣ ግድግዳው ወገብ በሚደርስበት ቁመት ላይ በሰው ጀርባ ወዝ ጠቁሯል፣ መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ለወሊድ ክፍል ብቻ ነው የሚሠራው አሉ። ከጌጫ የመጣ አንድ ሰውዬ ክንዱን በሻሽ አንገቱ ላይ አስሮ «መብራቱ እስኪመጣ አጥንቴ ራሱ ገጥሞ ይጠብቀኛል» ብሎ ወረፋተኛውን አሳቀ። ንጋቷም ፈገግ አለች፤ ግን ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አራት፣ አምስት ሰዓት። አዲሱ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሣችም። መልእክት ላከ፤ «ፖስታውን አንቺ ነሽ የወሰድሽው?» ይላል። ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አኖረችው። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኮሪደሩ ላይ ያለው አምፖል ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ በራ፤ ሰውም እንደ ሰርግ ቤት እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ተራዋ የደረሰው ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ዶክተር ዙሌይካ ከንጋቷ በዕድሜ የምታንስ፣ ሻሿን ከጆሮዋ ጀርባ አጥብቃ የጠመጠመች፣ ድካም ያረፈባት ልጅ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የተነከሰ ቦምቦሊኖ በሶፍት ተሸፍኖ ተቀምጧል። ንጋቷ ፊልሙን ስትዘረጋ አልተቀበለቻትም። «ሲዲ አለው አይደል? ይሄ ፊልም የቲምብር ያህል ሥዕል ነው፤ በዚህ ማንም አይፈርድም።» ሲዲው ከፖስታው ግርጌ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንደታሸገ ተገኘ። ኮምፒውተሩ እያጓራ ሲከፍተው ሐኪሟ «ማነው ስትሮክ ያላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«ወረቀቱ ነው። ማለቴ… ወንድሜ ቆጠራቸው። ሰባት ናቸው።»

«ቆጠራቸው?» ዶክተር ዙሌይካ ወደ እሷ ዞረች፤ ልትስቅ ነበር፣ ፊቷን አይታ ተወችው። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ እንድትስብ በእጇ ጠቆመቻት።

ከዚያ ያየችውን ንጋቷ ለብዙ ጊዜ አልረሳችውም። የአባቷ ጭንቅላት ከላይ ወደ ታች እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጥ ጀመር። ሐኪሟ አንድ ነጥብ ላይ ቆመች። የደም ሥሮች ወደ አንጎል ውስጥ ጠልቀው ሲገቡ በዙሪያቸው ውሃ የሚያልፍበት ጠባብ ክፍተት አለ አለቻት፤ በኔም በአንቺም ራስ ውስጥ አለ፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይሰፋል፣ ሰውየውን ግን አይነካውም። ከላይ ሲታይ ክብ ነጥብ ነው፤ ሥዕሉን በጎን ስታዞረው ያው ነጥብ ቀጥ ያለ ክር ሆኖ ታየ፤ የደም ሥሩን ተከትሎ ነዋ የሚሄደው። ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ስፋቱ ሦስት ሚሊሜትር አይሞላም፣ በግራም በቀኝም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይገኛል። ቀጥላም ሌላ ሥዕል ከፈተች። በዚህኛው ውሃ ይጠቁራል፣ ጠባሳ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ድምፅ ሳያሰማ የመጣ ስትሮክ፣ ማለት ሰውየው ሳይታመም፣ አፉ ሳይጣመም፣ ሥራውን እየሠራ ያለፈበት፣ ከሞላ ጎደል ያንኑ የመሰለ ጉድጓድ ይተዋል፤ ልዩነቱ በዙሪያው ነጭ ጠባሳ መኖሩ ነው። «አሁን አብረን እንሂድ» አለቻት። የመጀመሪያው ጥቁር፣ ጠርዙ ንጹሕ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። በስድስተኛው ንጋቷ ፖስታውን መሰብሰብ ጀመረች። ሰባተኛው በግራ በኩል ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ፣ ቅርጹ የተዛባ ነው። በዙሪያው ቀጭን ነጭ ቀለበት አለ። ሐኪሟ ወደ ላይ ሄደች፣ ወደ ታች ወረደች፣ በጎን አዞረችው። ክር አልሆነም።

«ይሄ እውነተኛ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የቆየ ነው። ድኗል።»

«መቼ የመጣ ነው?»

«አይታወቅም። ከሁለት ዓመት በፊትም ሊሆን ይችላል፣ ከአሥር ዓመት በፊትም። ጠባሳ ቀን አይጽፍም። ግፊታቸውን ተለክተው ያውቃሉ?»

አያውቁም። ዶክተር ዙሌይካ ራሷን ነቀነቀች፤ ዛሬውኑ ይለኩ፣ ከፍ ካለ መድኃኒት ይጀምሩ፣ ሁለተኛ እንዳይመጣ አለቻት። ንጋቷ ለመነሣት ተዘጋጀችና እንደገና ተቀመጠች። «ዶክተር፣ አእምሯቸው ጤነኛ ነው ብለው ይጽፉልኛል?» ስትል ጠየቀች። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ የማነበው ሥዕል ነው፤ ሰው በሥዕል አይመዘንም። አባትሽ ቤታቸው ይጠፋቸዋል? ሰው ይረሳሉ? ሒሳብ ይሳሳታሉ?»

«አይ።»

«ታዲያ?»

ሐኪሟ ያነበበችውን በእንግሊዝኛ፣ አምስት መስመር አድርጋ ጻፈችላት።

በመልሱ ባጃጅ ውስጥ ንጋቷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ዝናብ ሊጥል ደመናው ኮረብታው ላይ ወርዷል። አዲሱ እንግሊዝኛ አይሆንለትም፤ ጓደኛውም ፋርማሲውን ዘግቶ ቴፒ እንደሄደ ታውቃለች። ሰባቱም ምንም አይደሉም ብትል የሚያጋልጣት አልነበረም። አንድ ቃል ነው፤ ከስድስት ይልቅ ሰባት ማለት። ዘጠኝ ሰዓትም በዚያው ያልፋል። ግን የግፊት መድኃኒት ዋጥ ሲባሉ ለምን አይሉም? በየቀኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን፣ ለምንም? እሳቸው ደግሞ ያለ ምክንያት ምንም የማይውጡ ሰው ናቸው። ራሷን የባጃጁ ሸራ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ደክሟት ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትዋሽ ነበር ብላ አሰበች፣ ለመዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል።

ቤት ስትደርስ በሩ ላይ ሌላ ባጃጅ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ሳህሉ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚያወጡትን ጥቁር ኮት ለብሰው ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቲጂ የኮቱን ትከሻ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። አዲሱ የላብ ጠብታ በግንባሩ ላይ ይዞ በር ላይ ተቀበላት።

«የት ነበርሽ አንቺ? ፖስታውንስ ማን ውሰጂ አለሽ?»

«ሆስፒታል ለአንዲት ሐኪም አሳየሁት። ኮምፒውተር ላይ።» ቆማ፣ ደብተሮቹን እንዳቀፈች ተናገረች። «ስድስቱ ምንም አይደሉም። በሁላችንም ራስ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ የደም ሥሩ የሚያልፍበት ቦታ ነው። የቡና ፍሬ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለው አይደል? እንደዚያ ነው አባባ፤ አብሮ የተፈጠረ።»

ጋሽ ሳህሉ ቀና አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ፊታቸውን ሲያቀኑ ያየቻቸው ገና አሁን ነው። «ስንጥቁን ነው እንዴ ነቀዝ ብለህ የቆጠርከው?» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። ቲጂ በያዘችው ጨርቅ አፏን ሸፈነች።

አዲሱ ግን ቆጣሪ ነው። «ስድስቱ ይሁን። ሰባተኛውስ?»

ንጋቷ አባቷን አየች። «ሰባተኛው ስትሮክ ነው» አለች። «ትንሽ ነው። የቆየ፣ የዳነ። ግፊትህን ተለክተህ መድኃኒት መጀመር አለብህ፣ አባባ።»

«አለ ማለት ነው!» አዲሱ ሁለት እጁን ወደ ላይ ወረወረ። የደስታ አልነበረም፤ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ይኸው፣ አለ! ጠላታችሁ አደረጋችሁኝ እኮ። ቡናው ቀልቷል፣ ለቃሚ የለም፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ዝናብ እየመታው ነው። ለአንዲት ፊርማ ከቴፒ ሚዛን፣ ከሚዛን ቴፒ። ነገ አንድ ነገር ቢሆንስ? ማን ነው ማሳውን የሚይዘው፣ አስተማሪዋ?»

 ከጓሮ የቲጂ ዶሮ ትንጫጫለች። ጋሽ ሳህሉ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እያሹ ቆዩ።

«ንጋቷ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው አለችሽ?»

«አይታወቅም አለች። ሁለት ዓመትም፣ አሥር ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«አሥር ዓመትም።» ቃሉን አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። «የዛሬ አምስት ዓመት የመንገድ ዳሩን ቦታ በስምህ ያዞርኩልህ፣ አዲሱ፣ በየትኛው ጭንቅላት ነው?»

«እሱ ሌላ ነው፣ አባባ።»

«ምኑ ነው ሌላው? እጁም ይሄው እጅ ነው፣ ጭንቅላቱም ይሄው ነው።» ድምፃቸውን አላነሡም። «ጭንቅላቴ ከተበላሸ ያም ፊርማ ብልሹ ነው፤ የዛሬውም አይረባህም። ደህና ከሆነ ደግሞ ምን አጣደፈህ? እኔን ከምትጎትት ያንን ቦታ በመጀመሪያ መልስና ከዚያ ውክልናውን እንነጋገር።»

አዲሱ የመንገድ ዳሩ ቦታ ላይ የራሱን መጋዘን ሠርቷል፤ ከኋላው ሁለት ክፍል አከራይቷል። ቲጂን አያት። ቲጂ ጨርቁን በጥንቃቄ እያጠፈች ነበር። ውጭ ባጃጁ ጡሩንባውን ነፋ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛ ሲነፋ ቲጂ ወጣች፤ «ሂድ ወንድሜ፣ ቀርቷል» ስትለው፣ ሰውየውም «ግማሽ ሰዓት አቁማችሁኝ!» ሲል ተሰማ። ተመልሳ ስትገባ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም። ዘጠኝ ሰዓት እንዲሁ፣ ማንም ይቅርታ ሳይጠይቅ አለፈ። ጋሽ ሳህሉ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉና «ሂድ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቡናውን አሸፍን» አሉት። «የሚፈረም ሲኖር ወረቀቱን ይዘህ ና። አነበዋለሁ፤ ደስ ካለኝ እፈርማለሁ።» አዲሱ ተነሥቶ ወጣ። በሩን በኃይል አልወረወረውም፤ ቀስ ብሎ ነው የገጠመው፣ ይህም ለንጋቷ ከጩኸቱ ይልቅ ከበዳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አባትና ልጅ ወደ ጤና ጣቢያው በእግራቸው ወረዱ። ነርሷ ግፊታቸውን ሁለት ጊዜ ለካችው፤ መቶ ሰባ በዘጠና አምስት። የሚጀምሩትን ክኒን ተቀብለው ሲመለሱ ካፊያው ጀምሮ ነበር። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች የሙዝ ቅጠል ደፍተው ያልፏቸዋል። ንጋቷ ጃንጥላውን ወደ እሳቸው አዘንብላ ትሄዳለች፣ የራሷ ትከሻ እየራሰ። ጭቃማው ቦታ ሲደርሱ ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ልያዛቸው አልያዛቸው ብላ ስታመነታ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ሳህሉ ሳይቆሙ፣ መንገዱን እያዩ ጠየቋት።

«አንቺስ፣ ጭንቅላቴ መበላሸቱን አምነሽ ነበር?»

የለም ማለት ይቻል ነበር። ፖስታውን ያነሣችው እሷ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ወረፋ የዋለችው እሷ ናት፤ አምነሽ ነበር የሚላት አይኖርም። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጸሎታቸውን ያዳመጠችባቸው ምሽቶች ግን አንድ በአንድ መጡባት።

«አምኜ ነበር፣ አባባ» አለች። «እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።»

ጥቂት እርምጃ ሄዱ። ካፊያው ጃንጥላው ላይ ይንጠባጠባል።

«እኔም» አሉ ጋሽ ሳህሉ።